የቦዩ ዳር አይጦች

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ነቢይት» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት በሥራዋ ለማሾፍ ነበር፤ ውሎ ሲያድር ግን ቀልዱ ደበዘዘና ስም ሆኖ ቀረ። የበሩ ጥበቃ ሳይቀር ጠዋት ስትገባ «ነቢይት፣ ዛሬስ ይዘንባል?» ይላታል። እሷም «እኔ የማውቀው የአይጥ ብቻ ነው» ብላው ታልፋለች።

እውነቷን ነው። ከዱር አይጦች ወደ ሰው የሚተላለፍ አንድ ቫይረስ አለ። አይጧን ምንም አያደርጋትም፤ ትበላለች፣ ትወልዳለች፣ ትሮጣለች። ሰው ግን በሽንቷና በኩሷ የተበከለ አቧራ ከሳበ መጀመሪያ እንደ ጉንፋን ይጀምረዋል፤ ከዚያ ትኩሳቱ ይበረታበታል፣ ኩላሊቱ ይደክማል። የሚድን ይድናል፣ የማይድን አይድንም። የነቢይት ሥራ ይህ ቫይረስ በአይጦቹ መካከል ከየት ወደ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ መገመት ነው። ዝናቡ እንዴት ጣለ፣ ሣሩ ምን ያህል ዘር ያዘ፣ ወጥመድ ውስጥ ምን ያህል አይጥ ገባ፣ ከገቡት ውስጥ ቫይረሱ የተገኘባቸው የትኞቹ ናቸው፤ ይህን ሁሉ ሰብስባ በሠራችው የሒሳብ ሞዴል ውስጥ ታስገባዋለች። በመጨረሻ ካርታ ይወጣል። ቀይ ማለት ተጠንቀቁ ነው፤ ቢጫ ማለት ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ አረንጓዴ ለጊዜው ሰላም።

በዚያ ዓመት ያደገችበት እርሻ ካርታዋ ላይ ቢጫ ነበር።

እርሻው ስንዴና በቆሎ የሚመረትበት ሰፊ መሬት ነው። በአንድ ወገን ጫካ ያዋስነዋል። በመሃሉ የመስኖ ቦይ ያልፋል፤ ከቦዩ ወዲህ መጋዘኖቹ፣ ከቦዩ ወዲያ የሠራተኞቹ መንደር ነው። የነቢይት እናት የሞተችው እሷ ገና በቅጡ ሳትራመድ ነው። ያሳደገቻት በእርሻው ዘር ማበጠሪያ ክፍል ትሠራ የነበረችው አክስቷ ናት። አክስቷ አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ሁለቱ ከአንድ ሳህን እየተሻሙ፣ አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተቱ ስላደጉ ነቢይት «ወንድሜ» እንጂ «የአክስቴ ልጅ» ብላው አታውቅም። እሷ በትምህርቷ ገፍታ ከተማ ገባች፤ እሱ እዚያው ቀርቶ የእህል ማጨጃ ኮምባይነር ነጂ ሆነ።

አዝመራው ሊደርስ ሲል የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ተዘግቶ የከረመ አንድ መጋዘን እንዲጸዳ አዘዘ። የወንድሟ ማሽን ጥገና ላይ ነበር። እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ስለሆነ መጥረጊያ አንሥቶ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ገባ። ወለሉ በአይጥ ኩስ ተሸፍኖ ነበር፤ ሲጠርጉት አቧራው እንደ ጭስ ተነሣ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ትኩሳት ያዘው። ጉንፋን ነው ብሎ ናቀው። ሐኪም ቤት ሲደርስ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ነበር፤ የደም ምርመራው ውጤት ሳይደርስለት አረፈ።

ደሙ የተመረመረው እነነቢይት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የሞቱን ወሬ በስልክ ሰምታ ለመሄድ ስትሰናዳ የላቦራቶሪ ባልደረባዋ ወደ ኮሪደሩ ጠራቻትና ምን እንደተገኘበት ቆማ ነገረቻት።  ነቢይት ኮቷን ለብሳ ወጣች።

አክስቷ ቤት ስትደርስ ሰው ሞልቶ ነበር። አክስቷ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ነቢይትን ስታይ አልጮኸችም፤ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላትና እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ሰዉ እስኪሳሳ ድረስ እንደተያያዙ ቆዩ። ከዚያ አክስቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«አይጥ ነው የገደለው ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው እትዬ። ከአይጥ የሚመጣ በሽታ ነው።»

«ያንቺዎቹ አይጦች?»

ነቢይት አንገቷን ደፋች። አክስቷ ሥራዋን ታውቀዋለች፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «የኔ ልጅ በሽታ ከመድረሱ በፊት ታውቃለች» እያለች ስትኮራባት ነው የኖረችው።

«ታዲያ ይሄን አታውቂም ነበር?»

ጥያቄው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የከበዳትም ለዚህ ነው። ልታስረዳት ሞከረች። ቢጫ ማለት ይመጣል ማለት እንዳልሆነ፣ አይመጣም ማለትም እንዳልሆነ ነገረቻት። እሷ ቫይረሱን ለሚቀጥለው አዝመራ ስትጠብቀው እሱ ቀድሟት ተገኘ። እየተናገረች ቃላቱ አፏ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆኑባት። አክስቷ እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰማቻትና «እሺ» አለች፤ «እንግዲህ አንዱንም እንዳታስቀሩልኝ።»

መሥሪያ ቤቱ እርሻው እንዲመረመር ወሰነ። አለቃዋ፣ እሷ ሐዘን ላይ ስለሆነች፣ ሌላ ሰው ልላክ ብሎ ነበር፤ እሷ እንቢ አለች። አብረዋት የሄዱት በመስክ ሥራ ያረጁ ባልደረባዋ ናቸው፤ «ጋሼ» ትላቸዋለች። ሁለቱ ወጥመዳቸውን በመጋዘኖቹ ዙሪያ፣ በቦዩ ግራና ቀኝ፣ በጫካው ጠርዝ ዘረጉ። ማለዳ ማለዳ ጭንብልና ጓንት አድርገው ይዞራሉ። የገባውን አይጥ ይመዝናሉ፣ ጠብታ ደም ይወስዱለታል፣ መልሶ ሲያዝ ከየት ወደ የት እንደሄደ እንዲታወቅ ጆሮው ላይ ምልክት አድርገው ይለቁታል። ጋሼ ወጥመዱ ውስጥ ማባበያ ሲያስቀምጡ «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» እያሉ ይተርታሉ፤ እጃቸው ላይ ግን አንዲትም አይጥ አትሞትም። መንደርተኛው ይህን አየ። ሰዎቹ የያዙትን ነፍሰ ገዳይ መልሰው ይለቃሉ የሚለው ወሬ ውሎ ሳያድር ከዳር እስከ ዳር ተዳረሰ። ነቢይት ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር።

ውጤቱ ቀስ በቀስ ተሰበሰበ። ቫይረሱ በብዛት የተገኘው ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው የቦዩ ዳር፣ ትልልቆቹ ወንድ አይጦች ላይ ነው። ፊታቸውና ጅራታቸው የንክሻ ጠባሳ ሞልቶበታል፤ አይጥ ለአይጥ ቫይረሱን የሚያቀብለው ሲጣላና ሲነካከስ ነውና። ጠባሳቸው ግን የደረቀ ነበር። ድሮ ተጣልተው፣ ድሮ ተሸናንፈው፣ አሁን እያንዳንዱ ጉድጓዱን ይዞ ድንበሩን አውቆ ተቀምጧል። ከጫካው ጠርዝ የተያዙት ደግሞ ቫይረሱ ገና ያልነካቸው ጎረምሶች ነበሩ። ዝናቡ መልካም ስለነበር እንደ ጉድ ተራብተዋል፤ ቦታ ያጡ፣ ቦታ የሚፈልጉ።

በእርሻው እንግዳ ማረፊያ ውስጥ፣ ላስቲክ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ነቢይት ሞዴሏን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፤ የቦዩ ዳር በመርዝ ቢመታስ? ለራሷ እንኳ አውጥታ አትናገረው እንጂ መልሱ «ይጠፋል» እንዲሆን ልቧ ፈልጓል። ሞዴሉ ያሳያት ግን ሌላ ነው። መርዙ ትልልቆቹን ይጨርሳል። ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን የጫካዎቹ ጎረምሶች ይጎርፋሉ፤ በቦታ ይጣላሉ፣ ይነካከሳሉ፤ መርዙን አምልጠው ከተረፉት ጥቂቶች ቫይረሱን ይቀበላሉ፤ ተሸናፊዎቹ ሲባረሩ ይዘውት ቦዩን ይሻገራሉ። ከቦዩ ማዶ መንደሩ ነው። ቁጥሮቹን እየለዋወጠች ደጋግማ ሞከረችው። አንዳንዴ መርዙ ይረዳል የሚል መልስ ወጣ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያባብሳል አለ።

ለአለቃዋ ደወለች። ሰምቷት ሲያበቃ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። አይደለሁም አለችው። እንግዲያው እርግጠኛ አለመሆንሽንም ጨምረሽ ንገሪያቸው አላት።

ስብሰባው የተጠራው በእርሻው አዳራሽ ነው። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መጋዘኑ እንዲጸዳ ያዘዘው ራሱ በመሆኑ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፤ መርዙንም አስመጥቶ ጨርሷል። አክስቷ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ነቢይት ተነሥታ ያገኙትን ተናገረች። ሜዳው ላይ መርዝ አይረጭ አለች። ይልቅ የመጋዘኖቹና የቤቶቹ ቀዳዳ በወንፊት ሽቦና በሲሚንቶ ይደፈን፤ በሮቹ ሥር ቆርቆሮ ይመታ፤ አቧራ በበረኪና ውኃ ሳይረጥብ ማንም መጥረጊያ አያንሣ፤ አይጥና ሰው ይለያዩ፤ የሜዳው አይጥ ግን በያለበት ይቀመጥ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» አለና ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ አክስቷ ተነሣች። ፊቷን ያዞረችው ወደ ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ወደ ነቢይት ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች። «ልጄ በሕይወት ሳለ የት ነበራችሁ? ዛሬ መጥታችሁ የገደሉትን ተዉአቸው ትሉናላችሁ። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ግን እባብ ቤቴ ቢገባ በዱላ ነው የምለው እንጂ ተረጋግተህ ተቀመጥ አልለውም።»

ነቢይት ወደ አክስቷ ራመድ አለች። 

«እትዬ፣ እኔም ሞተው ባይ ደስ ይለኛል» አለች። «ወንድሜ ነው። ግን እነሱን ብንገድል የሚተኩት ይብሳሉ። ላረጋግጥልሽ አልችልም፤ ልሳሳት እችላለሁ። ባለፈውም ተሳስቻለሁ። ቢሆንም የማውቀውን ደብቄ ሌላ ሰው እንዲሞት ማድረግ አልችልም።»

ሥራ አስኪያጁ ብዙ አሰበና በነቢይት ሐሳብ ተስማማ። መርዙ ተቆልፎበት እንዲቀመጥ፣ ቀዳዳ መድፈኑ በማግስቱ እንዲጀመር አዘዘ። አክስቷ ሳታያት ወጣች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ነቢይትና ጋሼ ማለዳ ወጥመድ ሊያዩ ሲወርዱ፣ ከመንደሩ ትይዩ ባለው የቦዩ ዳር አንዲት ሴት ጎንበስ ቀና ስትል አዩ። ባልዲ ይዛለች። ከየሱቁ የገዛችውን የአይጥ መርዝ ከበቆሎ ጋር ለውሳ በየጉድጓዱ አፍ በእጇ ትበትናለች። አክስቷ ነበረች። ጋሼ ቆም አሉ፤ «እኔ የጫካውን ወገን ልይ» ብለው ሄዱ።

ነቢይት ወረደች። ልትነጥቃት ትችል ነበር፤ አልነጠቀቻትም። የአክስቷ እጅ ባዶ መሆኑን ስታይ ሌላው ሁሉ ተረሳት። የራሷን ጓንት አውልቃ አጠለቀችላት። ጭንብሏንም አወጣች።

«በባዶ እጅሽ መርዝ ትነኪያለሽ እትዬ? በዚያ ላይ አቧራው...»

አክስቷ እንደ ሕፃን እጆቿን ዘርግታ እንድታለብሳት ተወቻት። ከዚያ ሁለቱም ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

«እስቲ ንገሪኝ» አለች አክስቷ። «በሰው ፊት አይደለም፤ ለኔ። እንዴት ነው ሲሞቱ የሚብሱት?»

ነቢይት ነገረቻት። ሠፈር ነው ብለሽ ያዢው አለቻት። አሮጌዎቹ ነዋሪዎች ተጣልተው የጨረሱ ናቸው፤ ማን የት እንደሚያድር ያውቃሉ። በሽታው አለባቸው፤ ግን አንዱ ለሌላው አያቀብለውም፤ አይነካከሱም። እነሱን ካስወጣሻቸው ቤቱ ባዶ ነው ሲባል የሰማ ጎረምሳ ሁሉ ይመጣል፤ ድብድቡ እንደ አዲስ ይጀመራል።

አክስቷ ውኃውን እያየች አዳመጠች።

«ስለዚህ ልጄን የገደሉት በሰላም አርጅተው ይሙቱ ነው የምትይኝ።»

«አዎ እትዬ። እሱን ነው የምልሽ።»

«ከባድ ነው።»

«ከባድ ነው።»

ነቢይት የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ አክስቷ ግን አላለቀሰችም። ባልዲው ውስጥ የቀረውን አየችና ክዳኑን ገጠመችው። የበተነችው ግን ተበትኗል፤ ግማሹ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱም ሊለቅሙት አልተነሡም፤ ቢነሡም አይሆንላቸውም ነበር።

ነቢይት ወጥመዶቹን በዚያው ቦታ እንደተዘረጉ አቆየቻቸው። የአክስቷ መርዝ ያረፈበት የቦዩ ዳር ለጥቂት ጊዜ ጭር አለ። ከዚያ ምልክት የሌላቸው ወጣት አይጦች ይገቡ ጀመር፤ ጆሮአቸው የተቀደደ፣ ጅራታቸው የደማ። ደማቸው ሲታይ ቫይረሱ መርዝ ካልነካው የቦዩ ዳር ይልቅ በዚህኛው በዝቶ ተገኘ። ሞዴሉ ያለው ደረሰ። ነቢይት ግን ደስ አላላትም። ጋሼ ውጤቱን በትከሻዋ አሻግረው አዩትና «ያቺ ሴትዮ ባትኖር ይህን በምን እናውቅ ነበር?» አሉ፤ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ወጥቶ መንገድ ላይ ቀልድነቱ ጠፋባቸው።

ቀጥሎ የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ ታመመች። ቤቷ በቦዩ በኩል የመጨረሻው ቤት ነው። ትኩሳቱ እንደጀመራት የጤና ጣቢያው ነርስ ጉንፋን ነው ብላ አልሸኘቻትም፤ ነቢይት ምልክቶቹን አንድ በአንድ ነግራት ስለነበር ያን ዕለት ወደ ሐኪም ቤት አሳፈረቻት። ኩላሊቷን የሚያግዝ ሕክምና በጊዜው ተደረገላትና ነፍሷ ተረፈች፤ ግን ብዙ ተሠቃየች።

አክስቷ ይህን ስትሰማ ወደ እንግዳ ማረፊያው መጣች። አልተቀመጠችም፤ የበሩን እጀታ እንደያዘች ጠየቀች።

«በኔ ነው?»

ነቢይት መዋሸት ትችል ነበር። አይደለም ብትላት የሚያውቅ የለም፤ አክስቷም ልታምናት ፈልጋለች። ግን ይህች ሴት በአዳራሹ ውስጥ እውነቱን ሰምታ፣ በቦዩ ዳርም እውነቱን ጠይቃ የሰማች ናት።

«አላውቅም» አለቻት። «ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል፤ መርዝ ያልነካውም ዳር ቫይረሱ አለ። የኔ ሒሳብ ስለ ብዙ ነው የሚያወራው እትዬ። አንድን ሰው ለይቶ በምን ታመመ፣ በማን ምክንያት ሞተ ብትይው አይመልስልሽም። እኔንም አይመልስልኝም።»

አክስቷ ትኩር ብላ አየቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐዘኑ ባሻገር ሌላ ነገር ያየች መሰለች፤ ልጅቷ ከሞቱ ቀን ጀምሮ ያን ሒሳብ ምን ስትጠይቀው እንደነበር። የበሩን እጀታ ለቃ ገባችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺም ትጠይቂዋለሽ?»

«በየቀኑ።»

«እሱንም አይመልስም?»

«አይመልስም።»

አክስቷ ጎትታ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። ነቢይት ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰች።

ዳቦ ጋጋሪዋ ከሐኪም ቤት ስትወጣ አክስቷ ቤቷ ገብታ አስታመመቻት። መርዙን ማን እንደበተነው ነግራታለች፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ምን እንደመለሰችላት ሁለቱም ለሰው አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ አክስቷ በመንደሩ ውስጥ የማትገባበት ቤት አልነበረም። የነቢይትን ምክር በራሷ ቋንቋ ትናገረዋለች። መጥረጊያ ይዞ ያገኘችውን «አርጥበኸዋል?» ትለዋለች፤ ካላረጠበው እጁን ይዛ ባልዲውን ታሳየዋለች። የመጋዘን ጠባቂዎቹ ሲያዩዋት ክፍተት ያለበትን በር በጀርባቸው ይሸፍኑ ነበር።

በሚቀጥለው አዝመራ በእርሻው የታመመ አልነበረም። ነቢይት ይህን በሪፖርቷ ስትጽፍ ተጠነቀቀች። ቀዳዳው መደፈኑ ይሆናል፤ ዝናቡ በመቅረቱ አይጡ ስላነሰም ይሆናል። የአንድ ዓመት ሰላም ምንም አያረጋግጥም። አለቃዋ አንብቦ ሲጨርስ አንዳንዴ እንኳ ለራስሽ ትንሽ ብትፈርጂ ምናለበት አላት።

ያን ሰሞን ፈቃድ ወስዳ አክስቷ ጋ ሄደች። ቤቱ ከተሠራ ቆይቷል፤ ከጓዳው ግድግዳ ሥር አዲስ ክፍተት ተፈጥሮ ነበር። ሁለቱ ተንበርክከው ይደፍኑት ጀመር፤ ነቢይት ሽቦውን ትይዛለች፣ አክስቷ ሲሚንቶውን ትለጥፋለች። አክስቷ ሥራዋን ራቅ ብላ አየችና ጠማማ መሆኑን ተናገረች።

«ወንድምሽ ቢሆን ከዚህም ያጣምመው ነበር» አለች። «የዶሮ ቤት የሠራልኝ ጊዜ በሩን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዙሮት፣ ዶሮዎቹ መግቢያ አጥተው ጣሪያው ላይ ሲያድሩ...»

«ከዚያ እኮ ዶሮዎቹ ናቸው የደነቆሩት አለ።»

አክስቷ መሳቅ ጀመረችና አፏን በክንዷ ያዘች፤ መዳፏ ሲሚንቶ ነበር። ነቢይትም ሳቀች። ሽቦው ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ተናደ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።